ዌስተን ተቀምጦ አዲስ አበባ ላይ ማከራየት

የዛሬው ትምህርታዊ ዝግጅታችን አገር ቤት ያለ ቤታቸውን አከራይተው እዚህ ቶሮንቶ ለሚኖሩ ወገኖቻችን ነው። ስናዘጋጀው በተለይ የዌስተን ነዋሪዎችን አስበናል። በዌስተን ሮድና በሎረንስ አካባቢ በቆሙት ረጃጅም ሕንፃዎች ውስጥ ወር በገባ ቁጥር ኪራይ የምትከፍሉ፣ በዚያው ወር ደግሞ ከአያት፣ ከሰሚት፣ ከገርጂ ወይም ከባሕር ዳር ኪራይ የምትቀበሉ አላችሁ። እዚህ ተከራይ፣ እዚያ አከራይ ማለት ነው። ስለዚህ አዲስ አበባ ከመድረሳችን በፊት ከዚሁ ከሰፈራችን እንጀምር።

እ.ኤ.አ. በ2023 ሰመር እዚሁ ዌስተን ውስጥ በኪንግ ስትሪት 33 ቁጥር እና በጆን ስትሪት 22 ቁጥር ባሉት ሕንፃዎች የሚኖሩ ተከራዮች ተደራጅተው ኪራይ መክፈል ማቆማቸውን ታስታውሱ ይሆናል። የጠቡ መነሻ ጭማሪ ነበር። በአንደኛው ሕንፃ ኦንታሪዮ ከምትፈቅደው ዓመታዊ ጣሪያ በላይ ጭማሪ ተጠየቀ፤ የዚያ ዓመት ጣሪያ 2.5 በመቶ ነበር። ሁለተኛው ሕንፃ አዲስ ነው። ኦንታሪዮ ውስጥ ከኖቬምበር 15 ቀን 2018 በኋላ ለመጀመሪያ ጊዜ ሰው የገባበት ቤት የጭማሪ ጣሪያው አይመለከተውም፤ ስለዚህ ተከራዮቹን ከትልቅ ጭማሪ የሚከላከልላቸው ሕግ አልነበረም።

ከጭማሪው ሌላ በትልልቅ ሕንፃዎች የምትኖሩ ሁሉ የምታውቁት ችግር አለ። ማሞቂያው ሲቆም፣ ሊፍቱ ሲበላሽ፣ ጣሪያው ሲያፈስ ትደውላላችሁ። ስልኩን የሚያነሳው ሰው ትሁት ነው፤ ነገር ግን የመወሰን ሥልጣን የለውም። «አሳውቃለሁ» ይላችኋል። ማንን እንደሚያሳውቅ አታውቁም። የቶሮንቶ ከተማ እ.ኤ.አ. ከ2017 ጀምሮ ሦስት ፎቅና ከዚያ በላይ፣ አሥር ቤትና ከዚያ በላይ ያላቸውን የኪራይ ሕንፃዎች አስመዝግቦ የሚቆጣጠርበትን ሬንትሴፍቲኦ የተባለውን ፕሮግራም ያቋቋመው በዚህ ዓይነት አቤቱታ ምክንያት ነው።

አሁን ጥያቄውን ወደ ራሳችን እናዙር። ሰሚት ያለው ቤታችሁ ውስጥ የሚኖረው ተከራይ ቧንቧ ሲፈነዳበት ለማን ነው የሚደውለው? ለወንድማችሁ ከደወለ ወንድማችሁ ምን ይመልስለታል? «እስኪ ካናዳ ልደውል» ከሆነ መልሱ፣ እዚህ የምታማርሩበትን ነገር እዚያ እያደረጋችሁት ነው።

የዛሬው ትምህርታችን ዋና ነጥብ ይኸው ነው። ቤታችሁ አጠገብ፣ የመወሰን ሥልጣንና ለጥገና የሚሆን ገንዘብ በእጁ ያለው አንድ ሰው ይኑራችሁ። ሌላው ሁሉ ከዚህ በኋላ ይመጣል። የአገሩን ሰርዶ በአገሩ በሬ ይላሉ አባቶቻችን።

ሥልጣኑን የምትሰጡት በውክልና ነው። ብዙ ሰው ውክልና ሲባል አንድ ዓይነት ወረቀት ይመስለዋል፤ «ሙሉ ውክልና ሰጥቼዋለሁ» ይላል፤ ነገሩ በዚያ ያለቀ ይመስለዋል። በ1952 ዓ.ም. የወጣውና እስከ ዛሬ የሚሠራው የፍትሐ ብሔር ሕጋችን ግን ጠቅላላ ውክልናን ከልዩ ውክልና ይለያል። በአንቀጽ 2203 እና 2204 መሠረት በጠቅላላ አነጋገር የተሰጠ ውክልና የአስተዳደር ሥራ ብቻ ያሠራል። ንብረቱን መጠበቅና ማደስ፣ ከሦስት ዓመት ለማይበልጥ ጊዜ ማከራየት፣ ኪራይ መሰብሰብ፣ ዕዳ መክፈል የአስተዳደር ሥራ ነው። ከዚያ ያለፈውን ግን አንቀጽ 2205 በልዩ ውክልና ብቻ ይፈቅዳል። መሸጥና በመያዣ ማስያዝ እዚያ ውስጥ ናቸው። ብዙዎች የማያስተውሉት ደግሞ ፍርድ ቤት መክሰስና ለክስ መልስ መስጠትም እዚያው ውስጥ መሆኑን ነው።

ይህ በሁለት በኩል ይነካችኋል። ውክልናው ውስጥ ስለ ክስ ካልተጻፈ፣ ተከራዩ ለስድስት ወር ሳይከፍል ቢቀመጥ ወንድማችሁ ፍርድ ቤት ሄዶ ሊቆምላችሁ አይችልም። እናንተ አዲስ ውክልና አጽፋችሁ እስክትልኩ ወራት ያልፋሉ። በሌላ በኩል ደግሞ ለማከራየት ብቻ ለሚያስፈልግ ጉዳይ «መሸጥ፣ መለወጥ፣ በመያዣ ማስያዝ» የሚል ሐረግ ያለበት ወረቀት መፈረም አያስፈልግም። ሰነድ የሚያዘጋጁ ሰዎች አንዳንዴ ከቀድሞ ጽሑፍ ገልብጠው ይህን ሁሉ ይደረድሩታል። እናንተ አንብቡት። የማያስፈልገውን አስወጡ፣ የጎደለውን አስጨምሩ። ማከራየት፣ ውል ማስመዝገብ፣ ኪራይ መቀበል፣ ግብር መክፈል፣ ማደስ፣ በወረዳና በክፍለ ከተማ ቀርቦ ማስፈጸም፣ በኪራይ ጉዳይ መክሰስና መከሰስ፤ ለተከራየ ቤት ይህ ይበቃል።

ቤቱ በጋብቻ ዘመን የተገኘ የጋራ ሀብት ከሆነ ባልና ሚስት ሁለታችሁም ፈርሙ። በ1992 ዓ.ም. የወጣው የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ በአንቀጽ 68 የጋራ የሆነ የማይንቀሳቀስ ንብረት ለመሸጥ ብቻ ሳይሆን ለማከራየትም የሁለቱን ስምምነት ይጠይቃል።

የሰነዱ መንገድ የሚጀምረው ኦታዋ ካለው ኤምባሲያችን ነው፤ ውክልናው እዚያ ይረጋገጣል። አዲስ አበባ ሲደርስ የውጭ ጉዳይ ሚኒስቴር ያጸናዋል፤ ከዚያ በሰነዶች ማረጋገጫና ምዝገባ አገልግሎት ይመዘገባል። ቅጂውን እናንተም ዘንድ አስቀምጡ። ውክልናውን በፈለጋችሁ ጊዜ መሻር ትችላላችሁ፤ ስትሽሩ ግን ለተወካዩ በጽሑፍ አሳውቁ፣ ዋናውን ሰነድ አስመልሱ፣ መሻሩንም በተመዘገበበት ቦታ አስመዝግቡ። ዋናው ሰነድ በእጁ የቀረ ሰው ምንም በማያውቅ ሦስተኛ ወገን ፊት አሁንም ወኪላችሁ መስሎ ሊቀርብ ይችላል።

ስለ ወረቀቱ ይህን ካልን ስለ ሰውየው እናውራ። ከሕጉ ይልቅ ቤተሰብ የሚያፈርሰው ነገር እዚህ ጋ ነውና ረጋ ብለን እንየው።

ወኪሉ አብዛኛውን ጊዜ ወንድም ነው፣ እህት ናት፣ የአክስት ልጅ ነው። በነፃ ነው የሚሠራው። እኛ ደግሞ ነፃ መሆኑን እንደ ትልቅ ዕድል እንቆጥረዋለን። አንዲት እህታችንን እናስብ። ሌሊት ሌሊት በአረጋውያን ማቆያ ትሠራለች፤ አያት ላይ በቁጠባ የገዛችው ቤት አለ፤ ታናሽ ወንድሟ ያስተዳድርላታል። በመጀመሪያው ዓመት ኪራዩ በሰዓቱ ይገባል። በሁለተኛው ዓመት «የእማዬ መድኃኒት ስለጨመረ ከኪራዩ ላይ ወስጃለሁ» ይላታል። ትክክል ነው፤ እናቷ ናት። በዚያው ዓመት በሦስተኛው ወር ቆጣሪ ተቃጠለ፣ በአራተኛው ለሠርግ ተዋጣ። በዓመቱ መጨረሻ ስንት እንደገባና ስንት እንደወጣ እሷም አታውቅም፣ እሱም አያውቅም። እሷ «ሒሳብ ብጠይቀው ይቀየመኛል» ብላ ትብሰለሰላለች። እሱ ደግሞ «ወረዳና ክፍለ ከተማ ስመላለስ ስንት የሥራ ቀን አቃጠልኩ፣ አንድ ቀን አመሰግናለሁ ያለኝ የለም» ይላል። እናት መሐል ላይ ትቀመጣለች። ይህን ታሪክ በተለያየ ስምና በተለያየ ሰፈር ያልሰማ ከእኛ መካከል ያለ አይመስለኝም።

እኔ እንደማምነው ከሁለቱ ማንም ሌባ አይደለም። የተበላሸው አሠራሩ ነው። መፍትሔውም አይከብድም። መጀመሪያ ለወኪላችሁ ክፈሉት። ከኪራዩ ከመቶ አምስትም ይሁን አሥር ተስማምታችሁ፣ በጽሑፍ አድርጋችሁ፣ በየወሩ ይውሰድ። ወንድም ስለሆነ ገንዘብ አይቀበልም ብላችሁ አታስቡ፤ ጊዜውን ነው የሚሰጣችሁ፣ አዲስ አበባ ውስጥ ደግሞ ጊዜ እንጀራ ነው። የሚከፈለው ሰው ሒሳብ ለማቅረብ አያፍርም፤ የሚከፍልም ለመጠየቅ አይሳቀቅም። የፍትሐ ብሔር ሕጉም በአንቀጽ 2213 ወኪል በተጠየቀ ጊዜ ሁሉ ሒሳብ የማቅረብ ግዴታ እንዳለበት ይናገራል። ሒሳብ መጠየቅ ስድብ እንዳልሆነ ለቤተሰቡ ሁሉ፣ በተለይ ለእናትና ለአባት፣ ቀድማችሁ አስረዱ።

ሁለተኛ፣ የቤተሰብን እርዳታ ከቤቱ ሒሳብ ለዩት። ለእናት መድኃኒት ከኪራዩ ይውጣ ካላችሁ ይውጣ፤ ግን የተወሰነ መጠን ይሁን፣ በተወሰነ ቀን ይሁን፣ ራሱን ችሎ ይጻፍ። የእናት እርዳታና የቧንቧ ጥገና በአንድ ኪስ ሲገቡ ነው ሒሳቡ የሚጠፋው።

ሦስተኛ፣ ኪራዩ በእናንተ ስም በተከፈተ የባንክ ሒሳብ ይግባ። ወኪሉ ከዚያ ላይ የጥገና ገንዘብ በሌላ አነስተኛ ሒሳብ ይዞ ያንቀሳቅስ። ወር በወር ሦስት መስመር ቢጽፍላችሁ ይበቃል፤ የገባ፣ የወጣ፣ የቀረ። የደረሰኙን ፎቶ በዋትስአፕ ወይም በቴሌግራም ይላክላችሁ።

ዘመድ የሌላችሁ ወይም ዘመድን በዚህ ማስቸገር የማትፈልጉ ቤት ለሚያስተዳድር ባለሙያ መስጠት ትችላላችሁ። ደላላ ግን ወኪል አይደለም። ደላላ ተከራይ ያመጣል፣ ኮሚሽኑን ይወስዳል፣ ሥራው እዚያ ላይ ያበቃል። ቁልፍ ለደላላ አስረክቦ ካናዳ የሚመለስ ሰው ቤቱን ለማን እንደሰጠ በቅጡ አያውቅም።

ወደ ኪራይ ውሉ እንለፍ። መጋቢት 24 ቀን 2016 ዓ.ም. የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት የመኖሪያ ቤት ኪራይ ቁጥጥርና አስተዳደር አዋጅን አጽድቋል፤ ቁጥሩ 1320 ነው። ከዚያ በፊት በቃል፣ በቤተዘመድ ምስክርነት ያከራያችሁ ካላችሁ ያ ዘመን አልፏል። ውሉ በጽሑፍ መሆን አለበት፤ ከተፈረመ በኋላ በሠላሳ ቀን ውስጥ በተቆጣጣሪው አካል ተረጋግጦ መመዝገብ አለበት። አዲስ አበባ ውስጥ ምዝገባው በወረዳ ደረጃ ነው የሚከናወነው። የውሉ ዘመን ከሁለት ዓመት ማነስ አይችልም። ቅድመ ክፍያ ከሁለት ወር ኪራይ አይበልጥም። ክፍያው በባንክ ወይም በሌላ ሕጋዊ የኤሌክትሮኒክ መንገድ ይፈጸማል። ጭማሪ በዓመት አንድ ጊዜ ብቻ ነው፤ መጠኑንም ተቆጣጣሪው አካል በየዓመቱ በሰኔ መጨረሻ ያሳውቃል።

አንዳንድ አከራዮች ይህን አዋጅ ሲሰሙ ቅር ይላቸዋል፤ ንብረቴ ላይ ማን ገብቶ ይወስናል ይላሉ። የዌስተን ተከራዮች ግን ነገሩን ከሌላ በኩል ማየት የምንችል ይመስለኛል። ኦንታሪዮ ውስጥ ኪራይ የሚጨመረው በአሥራ ሁለት ወር አንድ ጊዜ ብቻ ነው፤ ከዘጠና ቀን በፊት በጽሑፍ ማሳወቅም ግዴታ ነው። ይህን እዚህ እንደ መብታችን እናየዋለን፤ ይገባናልም። አዲስ አበባ ልጆቹን ትምህርት ቤት ያስገባ ተከራይ በየስድስት ወሩ «ጨምር ወይም ልቀቅ» እንዳይባል መደረጉን በደል ነው ልንለው አንችልም። ከሩቅ ለሚያስተዳድር ሰው ደግሞ የሁለት ዓመት ውል ጥቅም አለው። ቤቱ ባዶ ሆኖ የሚቆይበት ጊዜ ያጥራል፣ የደላላ ክፍያ ይቀንሳል፣ በየጊዜው ቀለም ከመቀባት ያድናል። ክፍያው በባንክ መሆኑም እናንተን ነው የሚጠቅመው፤ ዌስተን ተቀምጣችሁ መከፈሉን በስልካችሁ ታያላችሁ።

በውሉ ላይ ከኪራዩ መጠን ሌላ መጻፍ ያለባቸው ነገሮች አሉ። ተከራዩ የሚገባበት ቀን የመብራትና የውሃ ቆጣሪ ንባብ ይጻፍ። ሮቶው፣ የውሃ መሳቢያ ፓምፑ፣ የሻወር ማሞቂያው፣ የወጥ ቤት ቁም ሣጥኑ በምን ሁኔታ እንዳሉ ከፎቶ ጋር ይዘርዘር። ሰርቪስ ክፍሎቹ ለማን እንደሆኑ፣ የጥበቃ ደመወዝ ማን እንደሚከፍል፣ ውሃ ጠፍቶ በቦቴ ሲመጣ ወጪው የማን እንደሆነ ግልጽ ይሁን። ተከራዩ ለሌላ ሰው ማከራየት እንደማይችልም ይጻፍ። ኮንዶሚኒየም ከሆነ ደግሞ ጣሪያው፣ ደረጃውና የፍሳሽ መስመሩ የጋራ ስለሆኑ የነዋሪዎች ማኅበሩን መዋጮ ማን እንደሚከፍልና በስብሰባ ላይ እናንተን ወክሎ ማን እንደሚገኝ ወስኑ። የማይገኝ ባለቤት ያለበት ብሎክ ላይ ብዙ ነገር ሳይወሰን ይቀራል።

ከዚህ ቀጥሎ ጥገና ይመጣል። ሰሚት ቧንቧ በፈነዳ ሰዓት እናንተ ተኝታችሁ ይሆናል። በሰመር አዲስ አበባ ከቶሮንቶ ሰባት ሰዓት፣ በክረምቱ ብርድ ጊዜ ደግሞ ስምንት ሰዓት ትቀድማለች። ወረዳው ሥራ ጨርሶ ሲዘጋ እዚህ ገና ረፋድ ላይ ነው። ስለዚህ ከወኪላችሁ ጋር የገንዘብ ወሰን አስቀምጡ። ከዚህ ብር በታች የሆነ ጥገና ሳይጠይቅ ያሠራና ደረሰኝ ይላክ። ከዚያ በላይ የሆነውን ቀድሞ ያማክራችሁ። ውሃ የሚያፈስ፣ ኤሌክትሪክ የሚያቃጥል፣ ፍሳሽ ቤት ውስጥ የሚመልስ ነገር ከሆነ ግን መጠኑ የቱንም ያህል ይሁን ወዲያው ያሠራ፤ የሚነግራችሁ ከሠራ በኋላ ነው። ለዚህ የሚሆን የአንድ ወይም የሁለት ወር ኪራይ ምንጊዜም በጥገና ሒሳቡ ላይ ይቀመጥ። ይህን ገንዘብ ለሌላ ነገር አታውጡት።

ግንቦት ላይ፣ ዝናቡ ሳይጠነክር፣ ወኪላችሁ ጣሪያ ላይ የሚወጣ ሠራተኛ ይያዝ። አሸንዳው ይጠረግ፣ የተነሳ ቆርቆሮ ካለ ይመታ፣ የግቢው የዝናብ ውሃ መውረጃ ይከፈት። ሐምሌ ላይ ኮርኒስ ከረጠበ በኋላ የሚወጣው ወጪ ከዚህ ብዙ እጥፍ ነው።

ተከራዩንም አትርሱ። ስልኩን ያዙ፤ ለበዓል ደውላችሁ እንኳን አደረሳችሁ በሉት። ጥገናውን እዚያው ያለው ወኪል ይወስን፤ እናንተ ግን ቤቱ ውስጥ ምን እንዳለ ከሚኖርበት ሰው አፍ ስሙ። ወኪሉን ሳታሳፍሩ፣ ከኋላው ሳትሄዱ፣ በዓመት ጥቂት ጊዜ።

ስለ ብር ደግሞ እናውራ፤ ብዙዎቻችሁን ያስጨነቀ ነገር ነውና። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የኢትዮጵያ ብሔራዊ ባንክ የውጭ ምንዛሪ ዋጋ በገበያ እንዲወሰን አደረገ። አንድ የአሜሪካ ዶላር ከ57 ብር ገደማ ተነስቶ በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አለፈ። በወር 30,000 ብር የሚከራይ ቤት ቀደም ሲል ወደ 520 ዶላር ይመጣ የነበረው ከ300 ዶላር በታች ሆነ ማለት ነው። እዚህ በዶላር ለሚያስብ ሰው ከባድ ነው። ያን ጊዜ የመጣው ፈተና ተከራዩን በዶላር ክፈል ማለት፣ ወይም ውሉ ላይ አንድ ዋጋ ጽፎ ከጎን ሌላ መቀበል ነበር። ሁለቱንም አታድርጉ። ከጎን የተከፈለ ገንዘብ ክርክር ሲነሳ የሚያስረዳላችሁ ወረቀት የለውም፤ ለግብርም ተጠያቂ ያደርጋችኋል። ቤቱን የያዛችሁት ለወር ገቢ ብቻ ከሆነ ስሌታችሁን እንደገና ሥሩ። ለቤተሰብ መደገፊያ፣ ለራሱ ለቤቱ ማደሻ፣ ነገ ለምትመለሱበት ጊዜ ከሆነ ግን ብሩ እዚያው በብር ቢሠራ ነው የሚሻለው።

ግብሩ በሁለት አገር ነው። ኢትዮጵያ ውስጥ የኪራይ ገቢ በ2008 ዓ.ም. በወጣው የገቢ ግብር አዋጅ ቁጥር 979 በሠንጠረዥ «ለ» ይታያል፤ ከፍተኛው መጣኔ 35 በመቶ ነው። አዋጁ በ2017 ዓ.ም. ስለተሻሻለ በምን እርከን ላይ እንደምትወድቁ እዚያ ያለ የሒሳብ ባለሙያ ያስላላችሁ። የጣሪያና ግድግዳ ግብርም አለ፤ አዲስ አበባ ውስጥ ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ ከቀድሞው በጣም ከፍ ብሏል። የሁሉንም ደረሰኝ ያዙ።

ደረሰኙ የሚያስፈልገው ለዚህ አገርም ነው። የካናዳ ነዋሪ የሆነ ሰው የሚገብረው በዓለም ዙሪያ ከሚያገኘው ገቢ ነው። የአዲስ አበባው ኪራይ ወደ ካናዳ ዶላር ተለውጦ በቲ 776 ፎርም ይሞላል፤ ገንዘቡ ካናዳ ባይገባም ይሞላል። ኢትዮጵያ ውስጥ የከፈላችሁት የገቢ ግብር የውጭ ግብር ማካካሻ ሆኖ ሊቀነስላችሁ ይችላል፤ ግን የመንግሥት ደረሰኝ ይጠየቃል። ካናዳ ውጭ ያላችሁ ለኪራይ የዋለ ንብረትና ሌላ ኢንቨስትመንት የተገዛበት ዋጋ በድምሩ ከ100,000 የካናዳ ዶላር ካለፈ ደግሞ ቲ 1135 የሚባል ሌላ ቅጽ አለ። እሱን ዘግይቶ ማስገባት በቀን 25 ዶላር፣ እስከ 2,500 ዶላር ያስቀጣል። የምትታዩት ቤቱ ዛሬ በሚያወጣው ዋጋ ሳይሆን በገዛችሁበት ዋጋ ነው። ወላጆቻችሁ ያለ ኪራይ የሚኖሩበት ቤት እዚህ ውስጥ አይቆጠርም። ግብር የሚሠራላችሁን ሰው «አገር ቤት የተከራየ ቤት አለኝ» ብላችሁ ራሳችሁ ንገሩት፤ ካልነገራችሁት ላይጠይቃችሁ ይችላል።

ሌላም አንድ ነገር አለ። አዲስ አበባ ውስጥ የኮሪደር ልማት ፒያሳን፣ ካዛንቺስንና ሌሎች ሰፈሮችን ሲነካ ነዋሪውና ባለይዞታው ሰነዱን ይዞ በአጭር ጊዜ እንዲቀርብ ተፈልጓል። ባለቤቱ ቶሮንቶ፣ ካርታው አክስት ቤት፣ ውክልናው ጊዜው ያለፈ ሲሆን ምን እንደሚፈጠር ገምቱት። የይዞታ ማረጋገጫ ካርታው ዋናው የት እንዳለ ዛሬ እወቁ። ቅጂው በስልካችሁ ይኑር። የካናዳ ዜግነት የወሰዳችሁ ደግሞ የትውልደ ኢትዮጵያዊ መታወቂያችሁን፣ ቢጫ ካርድ የምንለውን፣ አሳድሱ። በ1994 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 270 ለትውልደ ኢትዮጵያውያን በአገራቸው የማይንቀሳቀስ ንብረት የመያዝ መብት የሰጠው በዚህ መታወቂያ አማካይነት ነው።

ጠቅልላችሁ አገር ቤት ለመግባት ያሰባችሁና እዚህ ዌስተን ያለውን ኮንዶ ወይም ቤት አከራይታችሁ የምትሄዱም አላችሁ። ለእናንተ ርቀቱ ይገለበጣል። የካናዳ ነዋሪነታችሁ ካበቃ ከኪራዩ ጠቅላላ ላይ 25 በመቶ እየተቀነሰ ለካናዳ ገቢዎች ኤጀንሲ መግባት አለበት፤ ቀንሶ የሚያስገባው እዚህ ያለ ወኪላችሁ ነው። ኤንአር 6 የሚባለውን ቅጽ አስቀድማችሁ ካስፈቀዳችሁ ተቀናሹ ወጪ ከወጣ በኋላ በሚቀረው ላይ ሊሆን ይችላል። የቶሮንቶ ከተማ ደግሞ እያንዳንዱ የመኖሪያ ቤት ባለቤት ቤቱ ባዶ አለመሆኑን በየዓመቱ እንዲያሳውቅ ያስገድዳል። ካላሳወቃችሁ ቤቱ ባዶ ነው ተብሎ ከተገመተው ዋጋ 3 በመቶ ግብር ሊጣልበት ይችላል። ጎንደር ወይም ቦሌ ሆናችሁ ደብዳቤው ዌስተን ባለ ባዶ ፖስታ ሣጥን ውስጥ እንዳይቀር፣ እዚህም ቢሆን ሥልጣንና ገንዘብ በእጁ ያለ ሰው ያስፈልጋችኋል።

የተከበራችሁ አድማጮቻችን፣ ሰዓታችን እያለቀ ነው። የሰጣችሁትን ውክልና ቅጂ ዛሬ ማታ ፈልጉና ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው አንብቡት። መክሰስና መከሰስ የሚል አለበት? መሸጥ የሚል ያላሰባችሁት ቃል አለበት? የትዳር ጓደኛችሁስ ፊርማ አለበት? ነገ ጠዋት ሥራ ከመግባታችሁ በፊት ወንድማችሁ ጋ ደውሉ፤ ኪራይ ገባ ወይ ብላችሁ ሳይሆን ለድካሙ በወር ስንት እንደምትከፍሉት ለመስማማት። ቀጥሎም ቤቱ ውስጥ መጠገን ያለበት ነገር እንዳለ ተከራያችሁን ይጠይቅላችሁ። ለዛሬ በዚህ እናበቃለን።